«እንደ ልጃችን ነው የምናያት»

በቤታችሁ ስለምትሠራው ልጅ ሰው ሲጠይቃችሁ ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ? የብዙዎቻችን መልስ አንድ ዓይነት ነው። «ኧረ እንደ ልጃችን ነው የምናያት!» እንላለን። ይህን ስንል ውሸታችንን አይደለም። ከምንበላው ትበላለች፤ ለበዓል ልብስ እንገዛላታለን፤ ስትታመም ሐኪም ቤት እንወስዳታለን። ነገር ግን እስቲ ጥያቄውን ትንሽ እንግፋው። የወለዳችኋት ልጅ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታ እሳት ታያይዛለችን? እንግዳው ተጫውቶ እስኪሄድ ከምሽቱ 5 ሰዓት ድረስ ቆማ ትጠብቃለችን? ብርጭቆ ብትሰብርስ «ነገ ጓዝሽን ይዘሽ ውጪ» ትባላለችን?

እንደ ልጅ መታየት መልካም ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው ይህ ቃል የውልን ቦታ ሲይዝ ነው። ልጅ ብታጠፋም ከቤቱ አትወጣም፤ ነገ የቤቱ ወራሽ ናት። ሠራተኛ ግን ያላት የወሩ ደመወዝ፣ የዕረፍት ቀኗና ክብሯ ብቻ ነው። እነዚህ ሦስቱ አስቀድመው ካልተነገሩና ካልተጻፉ እናንተ በዕለቱ ባላችሁ ስሜት ላይ የተንጠለጠሉ ይሆናሉ። ደስ ያላችሁ ቀን ትጠቀማለች፤ የተበሳጫችሁ ቀን ትጎዳለች።

ይህን ስንጽፍ በዓይነ ኅሊናችን ያለው ደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ ያለው አገር ነው። ከፋርጣ፣ ከእስቴ፣ ከጋይንት የገጠር ቀበሌዎች ወደ ከተማ የሚወርዱ ልጃገረዶች ብዙውን ጊዜ በደላላ ሳይሆን በዘመድ በኩል ነው የሚመጡት። አክስት ወይም የአጎት ሚስት «ትምህርት ቤት አስገባታለሁ» ብላ ታመጣታለች። ልጅቱ ቀን የቤት ሥራ ትሠራለች፤ ማታ ትማራለች ይባላል። እንግዳ በበዛበት ወር ግን መጀመሪያ የሚቀረው የማታው ትምህርት ነው። ደመወዝም አይጠራም፤ «ዘመድ አይደለንም ወይ?» ይባላል። ወንዱም ልጅ ቢሆን በደጋው ለእረኝነት ሲቀጠር የኖረው በዓመት አንድ ጊዜ በሚሰጥ እህልና ልብስ ነው። ይህ የቆየ ልማድ በድርቅ ጊዜ ብዙ ልጆችን ከረሃብ አድኖ ይሆናል፤ ያንኑ ያህልም ብዙዎችን ከትምህርት ገበታ አስቀርቷል።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ምእመናን ስለ ቤት ሠራተኛ ሕግ የሌለ ይመስላቸዋል። አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ሠራተኞች የሚናገሩ ቁጥሮች አሉት፤ ከቁጥር 2601 ጀምሮ ይገኛሉ። አሠሪው አብራው የምትኖረውን ሠራተኛ መኝታና ምግብ በሚመለከት ጤንነቷና ግብረ ገብነቷ እንዲጠበቅ የሚያስፈልገውን ሁሉ ማድረግ እንዳለበት ይናገራል። ልብ በሉ፣ በዚያ ዘመን የጻፉት ሰዎች እንኳ «የት ነው የምትተኛው?» የሚለውን ጥያቄ የሕግ ጥያቄ አድርገውታል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ቅጥር ከራሱ ሽፋን ውጭ አድርጎ፣ የሥራ ሁኔታው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚስተው ነገር አለ። ከአዋጁ የወጣው «ለትርፍ ያልሆነ» አገልግሎት ነው። ልጅቱ ጠዋት የቤታችሁን ቁርስ ሠርታ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ለሽያጭ የሚሆን እንጀራ የምትጋግርላችሁ ከሆነ፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ቡና ቤታችሁ ውስጥ ዕቃ የምታጥብ ከሆነ፣ «የቤት ሠራተኛ ናት» የሚለው መከላከያ ብዙ አያስኬድም። ከእጇ ሥራ ገንዘብ እያገኛችሁ ነው፤ አዋጁም ያገኛችኋል።

አዋጁ የሚለው ደግሞ ግልጽ ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሰባት ቀን ውስጥ ሳይቆራረጥ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። ለቤት ሠራተኛ ይህ አዋጅ በቀጥታ ባይደርስ እንኳ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ለሕፃናት ሁሉ ይደርሳል፤ ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ይጠብቃቸዋል። የአሥራ ሁለት ዓመቷ የእኅታችሁ ልጅ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላ ከውሃ መቅጃው ስትመለስ ይህ አንቀጽ አብሯት ይመለሳል።

ላባና ቦዔዝ

መጽሐፍ ቅዱሳችን ሁለት አሠሪዎችን አስቀምጦልናል። አንደኛው ላባ ነው። ላባ ክፉ ቃል አልተናገረም፤ እንዲያውም ያዕቆብን የአጥንቱ ፍላጭ፣ የሥጋው ቁራጭ አድርጎ ነው የተቀበለው። ዘመድ ነው! ዳሩ ግን ያዕቆብ ቆይቶ ለሚስቶቹ እንደነገራቸው ደመወዙን አሥር ጊዜ ለውጦበታል (ዘፍ. 31)። ዝምድናው አልጠበቀውም። እንዲያውም ዝምድናው ነው መናገር ያስቸገረው።

ሁለተኛው ቦዔዝ ነው። ሩት ለቃርሚያ ወደ እርሻው በመጣች ቀን ቦዔዝ ሁለት ነገር አድርጓል (ሩት 2)። ጎበዛዝቱን እንዳይነኳት አዘዘ፤ ማዘዙንም ለእርስዋ ነገራት። ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። ደንቡ በአሠሪው ልብ ውስጥ ብቻ ቢቀር ኖሮ ሩት ቀኑን ሙሉ በፍርሃት ትቃርም ነበር። የምትጠበቅ መሆኗን አወቀች፤ ሠራተኞቹም የሚጠየቁ መሆናቸውን አወቁ። ውኃ ከየት እንደምትጠጣ እንኳ ተነገራት።

እናንተስ ቤት? ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ሲያድር ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ይነጠፋል። ያን ዕለት ልጅቱ የት ትተኛለች? ክፍሏ ከውስጥ የሚቆለፍ ቁልፍ አለው? አንድ ነገር ቢደርስባት የምትነግረው ለማን እንደሆነ ነግራችኋታል? «ቤታችን የጸሎት ቤት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም» የሚል ሰው ይኖራል። ቦዔዝም እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበረ፤ ሠራተኞቹንም በእግዚአብሔር ስም ሰላምታ ይሰጣቸው ነበር፤ ሆኖም አዘዘ። አዋጅ 1156 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን በግልጽ ከልክሏል፤ ይህ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቅቃ ካሳ መጠየቅ ትችላለች።

የጋፋት ሠራተኞች

ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘውን ጋፋትን የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም። እዚያ የሠሩት የእጅ ባለሙያዎች በእምነት ለእኛ የሚቀርቡ ሰዎች መሆናቸው ግን ብዙ አይነገርም። በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የተላኩ ወንጌላውያን ነበሩ፤ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ከኢየሩሳሌም ሆኖ ነበር ጉዞአቸውን ያደራጀው። ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ይባላሉ። የመጡት በእጃቸው እየሠሩ ወንጌልን ለማስተማር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከእጃቸው መድፍ ፈለጉ። መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም ንጉሡ አልተዉአቸውም። በመጨረሻ በ1859 ዓ.ም. ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ፤ በ1860 ዓ.ም. ደግሞ በጉና አካባቢና በወሎ ገደላገደል መንገድ እየተጠረገለት ወደ መቅደላ ተጎተተ። ንጉሡ ራሳቸው መንገድ በመሥራት አብረው ይደክሙ ነበር።

ቴዎድሮስ ለነዚህ ሰዎች ክፉ ጌታ ነበሩ ማለት ይከብዳል። ሸልመዋቸዋል፤ አክብረዋቸዋል፤ በፊታቸውም ሞገስ ነበራቸው። ያልነበራቸው ነገር «ይህ ሥራዬ አይደለም» ማለትና ፈቅዶ መሄድ ነው። ከአገር የወጡት ንጉሡ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ነው። ለሠራተኛችሁ ሽልማት ስትሰጡ፣ የፋሲካ ቀሚስ ስትገዙ፣ ይህን ታሪክ አስታውሱ። ስጦታ ከሰጪው ፈቃድ ይመጣል፤ ደመወዝና ዕረፍት ግን ከውል ይመጣሉ። አንዱ በሌላው አይተካም።

ሱቅና ዳቦ ቤት ያላችሁ

አሁን ደግሞ ዳቦ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ወፍጮ ቤት ወይም የግል ትምህርት ቤት ላላችሁ ባልና ሚስት እንናገር። እዚህ ላይ አዋጁ ሙሉ በሙሉ ይመለከታችኋል፤ ሁለት ሠራተኛም ይኑራችሁ ሃያ።

መጀመሪያ ወረቀት። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ፣ ከተዋዋላችሁበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና የመሳሰለውን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለባችሁ። ባትሰጡ የሠራተኛው መብት አይቀርም፤ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ የምታሳዩት የላችሁም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። «ስድስት ወር እንየውና እንቀጥረዋለን» የሚባለው ልማድ ሕግ አይደለም።

ቀጥሎ ሰዓት። ዳቦ ጋጋሪ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሥራ እንደሚጀምር እናውቃለን። ሰዓቱ እንዲህ መሆኑ ክፋት የለውም፤ 8 ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ግን «እስቲ ሽያጩንም አግዝ» ሲባል ትርፍ ሰዓት ነው። ሒሳቡን በቀላል ምሳሌ እንየው። የሠራተኛው የሰዓት ክፍያ 20 ብር ቢሆን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሚሠራው ትርፍ ሰዓት 30 ብር፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ 35 ብር፣ በሳምንት ዕረፍቱ ቀን ከሆነ 40 ብር፣ በሕዝብ በዓል ቀን ከሆነ 50 ብር ይከፈለዋል። ያውም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሳይበልጥ ነው። ለጡረታ ደግሞ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ያዋጣል። የራሱን 11 ላለመክፈል ሠራተኛውን «ጊዜያዊ ነህ» እያለ ዓመታት የሚያቆይ ነጋዴ አለ። እሑድ በአሥራት ፖስታው ላይ ስሙን ደስ ብሎት የሚጽፍ ሰው መሆኑ ነው የሚያስገርመው።

የተሰበረ ብርጭቆስ? የጎደለ ሒሳብስ? አሠሪ እንደፈለገ ከደመወዝ አይቆርጥም። ሕግ ወይም የሥራ ደንብ የሚፈቅደው፣ ወይም ፍርድ ቤት ያዘዘው፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ የተስማማበት መሆን አለበት። ያም ቢሆን በወር ከደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ አያልፍም። ወር ሙሉ ሠርታ በብርጭቆ ሒሳብ ባዶ እጇን የወጣች አስተናጋጅ ካለች፣ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 የሚጮኸው ደመወዝ የእርስዋ ነው።

ሠራተኛ ሲያጠፋ

አንዳንድ አማኝ አሠሪ ደንብ ማስከበር ፍቅርን የሚቃረን ይመስለዋል። ስለዚህ ለወራት ዝም ይላል፤ ያጉረመርማል፤ ለሚስቱ ያማል፤ ለጸሎት ርዕስ ያቀርበዋል። ከዚያ አንድ ቀን ይፈነዳና «ውጣ!» ይላል። ሠራተኛው ይደነግጣል፤ ትናንት «ወንድሜ» ሲባል ነበርና።

ሕጉ ከዚህ ይልቅ ታጋሽም ቆራጥም ነው። በአዋጁ አንቀጽ 27 መሠረት ያለ በቂ ምክንያት ማርፈድ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቃው፣ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ካረፈደ ነው። ከሥራ መቅረትም እንዲሁ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው 5 ቀን ሲሆን ነው። በሌላ በኩል አሠሪው የማሰናበቻውን ምክንያት ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀን ካለፈው በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ይህም ማለት ያለፈውን ዓመት ጥፋት አስቀምጦ ዛሬ መምዘዝ አይቻልም። የፍቅር ምዕራፍ የምንለው አንደኛ ቆሮንቶስ 13 በደልን ስለ መቁጠር የሚናገረውን ስታነቡ የሕጉ መንፈስ እንግዳ አይሆንባችሁም።

በተግባር የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። የሥራ ሰዓቱን፣ የደመወዝ መክፈያ ቀኑን፣ የዕረፍቱን ተራና የጥፋት እርምጃውን በግልጽ አማርኛ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ማንበብ ለማይችል አንብቡለት። ዋናው ፈተና ከዚያ በኋላ ነው፤ ደንቡ የሚስትየው ወንድም ላይም መሥራት አለበት። አማቻችሁ ሲያረፍድ «መንገድ አስቸግሮት ነው» ብላችሁ፣ የእስቴው ልጅ ሲያረፍድ ደብዳቤ ከጻፋችሁ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ጌጥ ነው።

ባልና ሚስት ራሳቸው አንድ ካልሆኑም ደንብ የለም። ሚስት ስትቆጣ ባል ያባብላል፤ ባል ሲከለክል ሚስት በጓሮ ትፈቅዳለች። ሠራተኛው ከሁለት አንዱን መርጦ መኖር ይማራል፤ ትዳሩም ውስጥ ሳይፈልግ ይገባል። «ጋሼ ፈቅደውልኛል» የሚለው ቃል በስንት ቤት ጠብ አስነሥቷል! ስለ ሠራተኛ የምትወስኑትን ሠራተኛው በሌለበት ተነጋገሩና በአንድ አፍ ተናገሩ።

የምትጾመዋ ልጅ

በደቡብ ጎንደር በወንጌላዊ ቤት የምትሠራ ልጅ ብዙውን ጊዜ ኦርቶዶክስ ናት። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። እናንተ የሥጋ ወጥ አሠርታችሁ «ጨውዋን ቅመሺ» ስትሏት ምን ታድርግ? ሰንበት ሲሆን ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትፈልጋለች፤ እናንተ ደግሞ ልጆቹን ይዛ ወደ እናንተ ጉባኤ እንድትመጣ ትፈልጋላችሁ። ማታ በቤተሰብ ጸሎት ላይ መቀመጥ ከሥራዋ አንዱ ነውን?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን በኃይል ወይም በማስገደድ መገደብ ይከለክላል። ደመወዝዋ በእጃችሁ ያለ ልጅ «እሺ» ብትላችሁ እሺታዋ ምን ያህል የእርስዋ ነው? አዋጁም ሃይማኖትን ሠራተኛ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አድርጎ አይቀበልም። እኛ አማኞች በዚህ አገር ጥቂት ሆነን ስንገፋ፣ በእምነታችን ምክንያት ቤትና ሥራ ስንከለከል የተሰማንን እናስታውሳለን። በጎረቤት ዓይን የሚታየውም ይኸው ነው። የጾሟን ወጥ ለብቻ የምትሠራበት ድስት ገዝታችሁላት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የዕረፍት ቀኗን ስትወስኑ ከእርስዋ ጋር ተማከሩ፤ ነሐሴ 13 ቀን፣ በቡሄ፣ ከተማው ሁሉ ሲያከብር ልብስ አጥቢ አትበሏት።

ይህ ጥያቄ ወደ ቤተ ክርስቲያኖቻችንም ይሄዳል። ጥበቃውን፣ ጽዳቷን፣ የመዋዕለ ሕፃናቷን መምህርት «አገልግሎት ነው» እያልን ደመወዛቸውን የምናዘገይ ጉባኤዎች አለን። አዋጁ የሃይማኖት ድርጅቶችን የቅጥር ግንኙነት በሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ የተለየ ነገር ሊወስን እንደሚችል ይናገራል፤ ይህ ግን ሽማግሌዎች በስብሰባቸው ራሳቸውን ነፃ እንዲያወጡ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

ሥራ ሲቆምና ስንለያይ

ደብረ ታቦር በ2013 ዓ.ም. ክረምት የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰምታለች፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም ክልሉ ግጭት ውስጥ ገብቶ መንገድ ሲዘጋ፣ ሱቅ ሲዘጋ፣ ዱቄት ሲጠፋ ታይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ አሠሪ ሠራተኛውን «በቃ ሂድ» ብሎ ይሸኛል። ሕጉ መካከለኛ መንገድ አለው። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት በሙሉ ወይም በከፊል ከተቋረጠ ውሉን ማገድ ይቻላል፤ አሠሪው ምክንያቱን ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያሳውቃል፤ እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። ታግዶ የሚቆይ ሠራተኛ ሥራው ሲከፈት የሚመለስበት ቦታ እንዳለው ያውቃል።

የማይቀረው መለያየት ሲመጣ ደግሞ፣ ሠራተኛው የሚገባው ገንዘብ ሁሉ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈለው። «ደመወዝሽ እኔ ዘንድ ይጠራቀምልሽ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁላት ካለ፣ በተናገራችሁት ሳይሆን በየወሩ በተፈራረማችሁበት ደብተር ቁጠሩላት። የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የቆየበትን ጊዜና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የሥራ ልምድ ደብዳቤም ይሰጠው። ለቤት ሠራተኛዋም ጻፉላት። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሄዳ ተያዥ ጥሪ ስትባል፣ ሦስት ዓመት ተኩል በእናንተ ቤት መሥራቷን የሚናገርላት ያ ወረቀት ብቻ ነው።